ዋጋውን ከፊት ንገሩን፦ ለካሊፎርኒያ ምግብ ቤት ባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከሳን ዲዬጎ እስከ ሳክራሜንቶ ቤት ከፍታችሁ ለምታበሉን ሁሉ ነው። የምግብ ሃያሲ አይደለሁም። ወይን አሽትቼ የየት አገር እንደሆነ አልናገርም። ሎስ አንጀለስ የምኖር ሹፌር ነኝ። ሲርበኝ እበላለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እጋብዛለሁ፣ ኦክላንድ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ መንገድ ላይ ደስ ያለኝ ቤት እገባለሁ። ሹፌር ከመሆኔ በፊት ሦስት ዓመት የአንድ ምግብ ቤት ደንበኞችን መኪና ሳቆም ኖሬያለሁ። ኪራዬን የከፈልኩት በቲፕ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ስለ ቲፕ ሳነሳ "ይሄ ቆንቋና" እንዳትሉኝ።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ወሰድኳት። ድልድዩን አየች፣ በረዳት፣ ራባት። ሞቅ ያለ የሚመስል አንድ ቤት ገባን። እናቴ ምግቡን ከነዋጋው ካልነገሯት አታዝም፤ እኔም ሜኑውን በአማርኛ እያነበብኩላት ነው። ዶሮው 24፣ ዓሣው 26፣ ሻይ አምስት አምስት። በጣቷ ደመረችና "ስድሳ? በዛ። ይሁን እንግዲህ፣ አንድ ቀን ነው" አለች። በላን። ጥሩ ነበር፣ በተለይ ዶሮው። ቢሉ ሲመጣ ግን 82 ዶላር ከ12 ሳንቲም ይላል።

እንዴት 82 እንደገባ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለማያውቅ አንባቢ ግን ልዘርዝረው። ምግቡ 60። "የሳን ፍራንሲስኮ ግዴታዎች" የሚል 6 በመቶ፣ 3.60። ሰርቪስ ቻርጅ 20 በመቶ፣ 12 ዶላር። ከዚያ በድምሩ ላይ የከተማዋ 8.625 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ 6.52። ይህ ሁሉ አልቆ ከታች ደግሞ ለቲፕ የተተወ ባዶ መስመር አለ፤ ከጎኑም 18፣ 20፣ 22 በመቶ የሚል ምክር። ሜኑው ግርጌ ላይ ስለነዚህ ጭማሪዎች የምትናገር አንዲት መስመር እንደነበረች ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ተመልሼ ስፈልጋት። ጉንዳን የጻፈቻት ነው የምትመስለው።

እናቴ ቢሉን አየችና "አንተ ስድሳ አላልከኝም?" አለችኝ። ምን ልበላት? ገንዘቡስ ይከፈላል፤ ለእናቴ የዋሸኋት እኔ ሆኜ ቀረሁ። ቢሉን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አገር ቤት ለማን እንዳሳየችው እግዜር ይወቅ።

"ሕጋዊ ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ሕጋዊ ነው። እንዴት ሕጋዊ እንደሆነም ተከታትያለሁ። ካሊፎርኒያ የተደበቀ ክፍያን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንም ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳየው ዋጋ፣ ከመንግሥት ታክስ በቀር፣ የግድ የሚከፈለውን በሙሉ ያካተተ እንዲሆን ያዛል። ሆቴሉም፣ የኮንሰርት ትኬት ሻጩም ታዘዘ። እናንተ ጮሃችሁ። ሕጉ ሊጀምር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ገዢው ጋቪን ኒውሰም ሌላ ሕግ ፈረሙና ምግብ ቤቶች ከዚያ ትእዛዝ ወጡ። ጭማሪውንና ምክንያቱን ሜኑው ላይ በግልጽ እስካሳያችሁ ድረስ ለብቻው መጨመር ትችላላችሁ ተባለ። "በግልጽ" የምትለዋን ቃል ነው እንግዲህ እናንተ ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል የጻፋችኋት።

ወጪ እንዳለባችሁ አይጠፋኝም። ሳን ፍራንሲስኮ ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ጤና እንዲያወጣ ከ2008 ጀምሮ ታስገድዳለች፤ ቢሉ ላይ ያየሁት የግዴታዎች 6 በመቶም በዚህ ስም የሚሰበሰብ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሳህን የሚያጥበው ልጅም ያማል። ግን እስቲ አስቡት፣ ኪራይም ወጪ ነው፣ ጋዝም ወጪ ነው፣ ቲማቲምም ወጪ ነው። "የቲማቲም ግዴታ 4 በመቶ" ብላችሁ አትጽፉም። ዶሮውን 24 ከምትሉ 30 በሉት። 30 ከሆነ እኔ አይቼ እወስናለሁ፤ እናቴም በጣቷ ደምራ ትወስናለች። ደግሞ እምነት እንድንጥል አታስቸግሩን፤ 2013 ላይ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ በዚሁ ስም ከበላተኛው የሰበሰቡትን ገንዘብ ለሠራተኛው ሕክምና ያላዋሉ ቤቶችን አሳድዷል። ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ አላልኩም። ግን ቢሉ ላይ ያለው 3.60 የት እንደሚሄድ እኔ በምን አውቃለሁ?

የሚያስቀኝ ነገር አለ። ሌላውን ሁሉ ትጽፋላችሁ። ሳክራሜንቶ ራሷን የ"ከእርሻ ወደ ሹካ" ዋና ከተማ ብላ ከሰየመች ወዲህ ጎመኑ የበቀለበት እርሻ ስም ያልተጻፈበት ሜኑ እዚያ ማግኘት ከባድ ነው። በርክሌይ ውስጥ አሊስ ዋተርስ 1971 ላይ የከፈቱት ሼ ፓኒስ የተባለው ምግብ ቤት ነው ይህን ልማድ ያስፋፋው ይባላል፤ ልማዱም አይከፋም። በጉ የት እንደጋጠ፣ ዕንቁላሉን የጣለችው ዶሮ ሜዳ ላይ ትውል እንደነበር፣ ሁሉ አለ። በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸው ትልልቆቹ ቤቶች ካሎሪውን ሳይቀር ይጽፋሉ፤ ካሊፎርኒያ 2008 ላይ ይህን በሕግ ያዘዘች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። የዶሮዋን የሕይወት ታሪክ የነገራችሁኝ ሰዎች ዋጋዋን በሙሉ ለመናገር ቦታ ጠበባችሁ?

የሎስ አንጀለሱን ፊደል አስታውሱ። 1998 ላይ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ምግብ ቤቶች የንጽሕና ውጤታቸውን መስኮት ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። ከ90 በላይ ኤ፣ ከ80 በላይ ቢ፣ ከ70 በላይ ሲ። ያኔም ያጉረመረመ ባለቤት አይጠፋም። ዛሬ ግን ኤ ያገኘ ሰው እንደ ዲግሪ ነው የሚሰቅለው። እኔም ሲ ያየሁበት ቤት ገብቼ አላውቅም። (አንድ ጊዜ ገብቻለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ሌላ የተከፈተ አልነበረም፣ ምግቡም ለክፋቱ ጣፋጭ ነበር።) ኦክላንድ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካርድ ትለጥፋለች፤ ከመንገድ ይታያል። እኔ የምለምነው ከዚያ ካርድ ጎን አንድ ወረቀት ነው። "እዚህ ቤት ከሜኑው ዋጋ በላይ ይህን ያህል እንጨምራለን።" በቃ። ለእኔ ዓይነቱ መነጽር ለሚረሳ ሰው ደግሞ ተለቅ ባለ ፊደል።

አሁን ስለሚመቹኝ ቤቶች ልናገር፤ ደብዳቤው ሁሉ ስሞታ ብቻ እንዳይሆን።

መሀል ሎስ አንጀለስ፣ ከዩኒየን ባቡር ጣቢያ ትንሽ እልፍ ብሎ ፊሊፕስ የሚባል ቤት አለ። ከ1908 ጀምሮ ያለ ነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ሰልፍ ይዘህ ትቆማለህ፣ ከባንኮኒው ኋላ ያሉት ሴቶች ሥጋውን ፊትህ ይቆርጡና ዳቦውን መረቅ ውስጥ ነክረው ይሰጡሃል። በጉን ነው የምወደው። መረቅ የጠጣ ዳቦ ለእኛ ምንም እንግዳ አይደለም፤ የፈረንጅ ፍትፍት ነው። ሰናፍጩን ግን ተጠንቀቁ፣ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ በጾም እናቴ የምታዘጋጀውን ያስንቃል ብል ስለምትቆጣኝ አልልም። ቡናው እስከ 2012 ድረስ ዘጠኝ ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ 45 ሳንቲም ሲሆን ጋዜጣ ላይ ወጣ። አያችሁ? ዋጋ ጨመሩ፣ ተናገሩ፣ ሰውም መምጣቱን አልተወም። ዋጋው ግድግዳ ላይ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዳኛም፣ ጎዳና ጠራጊም፣ ከኳስ ሜዳ የመጣ ቤተሰብም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል።

ታኮ (በትንሽ ቂጣ ላይ የሚቀርብ የሜክሲኮ ሥጋ) የሚሸጡት መኪኖችም እንደዚያው ናቸው። ላ ብሬያና ቬኒስ መገናኛ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ግቢ ውስጥ የሚቆመውን የሊዮስን መኪና ብዙ የሌሊት ሹፌር ያውቀዋል። ሥጋው እንደ ሻዋርማ ይሽከረከራል፣ ሰውዬው ቢላውን ሲያሳርፍ ከላይ ያለችው አናናስ እየበረረች ታኮው ላይ ታርፋለች። ዋጋው መኪናው ላይ ተጽፏል። ቆሜ በልቼ፣ እጄን ጠርጌ፣ ቀጣዩን ተሳፋሪ ላነሳ እሄዳለሁ።

ሳን ፍራንሲስኮም ቢሆን የከፋው ብቻ አይደለም ያለባት። ሚሽን ሰፈር ላ ታኬሪያ ሂዱ። ቡሪቶው (ሥጋና ቦሎቄ የተጠቀለለበት የሜክሲኮ ቂጣ) ውስጥ ሩዝ አይገባም። ሩዝ ለምን አስፈለገ? ሥጋና ቦሎቄ በቂ ነው። ከውጭ ትንሽ ጠበስ እንዲያደርጉት መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ያኔ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል። ሳን ዲዬጎ በበኩሏ ቡሪቶ ውስጥ የድንች ጥብስ ትከታለች፤ የካሊፎርኒያ ቡሪቶ ይሉታል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ፓስታ በእንጀራ ጠቅልሎ ያደገ ሰው በዚህ የመሳቅ መብት እንደሌለው ትዝ አለኝና በላሁ። ሁለተኛውንም አዘዝኩ።

ግን ከሁሉ በላይ የነካኝ ቤከርስፊልድ ነው። ሰው ቤከርስፊልድ ሲባል ነዳጅና አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። በ99 መንገድ ወደ ሰሜን ስሄድ ግን እዚያ ነው የምቆመው። ከስፔንና ከፈረንሳይ ድንበር ተራሮች በግ ሊጠብቁ የመጡ የባስክ ሰዎች የጀመሩት የምግብ አቀራረብ አለ። እረኞቹ ያርፉባቸው ከነበሩ የአልጋ ቤቶች የወጣ ነው። ዉል ግሮወርስን የመሰሉ ቤቶች አሁንም እንደዚያ ያቀርቡታል። አንድ ምግብ ታዛለህ፤ ሾርባው ይመጣል፣ ቦሎቄው ይመጣል፣ ዳቦው ይመጣል፣ ሰላጣው ይመጣል፣ በኮምጣጤ የተያዘ ምላስ ይመጣል። "ይሄን አላዘዝኩም" ልል ነበር። ከዋናው ምግብ ጋር ነው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ምላስ ሰንበር የበላ አበሻ የባስክን ምላስ ሲያይ የሚሰማውን ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ስደተኛ ለስደተኛ ያበስለው የነበረ ምግብ ስለሆነ ይሆን ሒሳቡ ተንኮል የሌለበት? እንጃ።

ከዚህ ተነስቼ ስለ ትንንሽ ሳህኖቹ አንድ ነገር ልበል። አስተናጋጁ ይመጣና "ከዚህ በፊት እኛ ጋ በልታችሁ ታውቃላችሁ?" ይላል። አላውቅም ስትሉ "የኛ ምግብ ለመካፈል ነው" ብሎ ያስተምራችኋል። ወንድሜ፣ እኔ ከአንድ ትሪ ከስምንት ሰው ጋር በልቼ ያደግሁ ነኝ፤ መካፈል አታስተምረኝ። ለመካፈል የመጣው ሳህን ላይ ግን ሦስት ቁራጭ አለ፣ እኛ አራት ነን። ይሄ መካፈል አይደለም፣ ፈተና ነው።

ወደ ቲፕ እንምጣ። በእኛ ቋንቋ ቲፕም ጉርሻ ነው፣ በእጅ የሚያጎርሱትም ጉርሻ ነው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይባላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ይከተላል። ከእናንተ ጋር የሚያጣላን ግን ሁለተኛው ነው። 20 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ከወሰዳችሁ በኋላ የመክፈያውን ስክሪን ዞር አድርጋችሁ እንደገና ትጠይቃላችሁ። ወረፋው ከኋላዬ ቆሟል፣ ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰክላ አላየሁም ታስመስላለች፣ እኔ ራሴ ያነሳሁት የታሸገ ውኃ ነው፣ ስክሪኑ 25 በመቶ ይላል። እጄ ይንቀጠቀጣል። እሰጣለሁም፤ እንዴት እምቢ ይባላል?

እዚህ ላይ አንባቢ የማያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል። በብዙ ግዛቶች ቲፕ የሚቀበል አስተናጋጅ ከቀጣሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ሊከፈለው ይችላል። ካሊፎርኒያ ይህን አትፈቅድም። አስተናጋጁም እንደ ማንም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል፤ 2025 ላይ በግዛቱ ደረጃ በሰዓት 16.50 ዶላር ነበር፣ ብዙ ከተሞች ከዚያ በላይ ያደርጉታል። ቲፑ የዚያ ጭማሪ ነው፣ በሕግም የሠራተኛው ነው፣ ባለቤቱ እጁን ሊያስገባበት አይችልም። ሰርቪስ ቻርጅ ግን እንደዚያ ጥርት ያለ አይደለም። ቲፕ አልሰጥም ማለቴ አይደለም፤ የዚህን አገር ኪራይ አውቀዋለሁ። መኪና ሳቆም በነበረበት ዘመን ግን ደንበኛው ቢሉ ላይ "ሰርቪስ" የሚል ቃል ካየ ለእኔ አንዲት ዶላር አይተርፈውም ነበር። "ከፍዬበታለሁ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ከፍሏል። እኔ ጋ አልደረሰም እንጂ። ስለዚህ ሰርቪስ ቻርጅ የምታስከፍሉ፣ ማን እንደሚወስደው ጻፉልን፣ የቲፑንም መስመር አጥፉት። ከሁለት አንዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ሰዎች። ጋሼ፣ እትዬ፣ የፌርፋክሶቹ፣ የኦክላንዶቹ፣ የሳን ሆዜዎቹ፣ እናንተንም አልዘልላችሁም።

መጀመሪያ ምስጋናዬ። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለችው የፌርፋክስ ጎዳና 2002 ላይ በሎስ አንጀለስ ምክር ቤት ትንሿ ኢትዮጵያ ተብላ ስትሰየም፣ ስሙን ያመጣው የእናንተ ድስት ነው። ጆናታን ጎልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 2007 ላይ በምግብ ሂስ የመጀመሪያውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ሰው፣ የገነት አጎናፍርን ዶሮ ወጥ እያወደሰ ለስንቱ ፈረንጅ መንገድ አሳይቷል። የጾም በያይነቱ ደግሞ፣ ሳላዳላ ነው የምናገረው፣ በዚህ ግዛት በዋጋው የሚያህለው ምግብ የለም። ፈረንጁ ቪጋን ብሎ ሳይሰየም በፊት እናቶቻችን በየረቡዕና ዓርቡ ይሠሩት ነበር። ቪጋን ቤት ገብቶ ለአንድ የተጠበሰ አበባ ጎመን 19 ዶላር የከፈለ ሰው ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን አንድ ላይ ሲያይ ዓይኑ ይፈጣል።

ግን ከፈረንጁ የተማራችሁት መጥፎ ነገር አለ። አንድ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ እንጀራ አለቀብንና "ትንሽ ጨምሩልን" አልን። ሁለት ጥቅል መጣ። ቢሉ ላይ ስድስት ዶላር። ሜኑው ላይ አልተጻፈም፣ ልጅቷም አልተናገረችም። ጤፍ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ አስከፍሉ። ግን አበሻ ቤት እንጀራ ሲጨመር ይቆጠራል ብሎ የሚያስብ አበሻ የለምና አስቀድማችሁ ንገሩን። ሌላ ቦታ በካርድ ስለከፈልኩ 4 በመቶ ተጨመረብኝ፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነው። እጄን ባልታጠብ ኖሮ አላየውም ነበር።

ስለ ጤፉም እውነቱን ተናገሩ። ስንዴ የማይስማማቸው ፈረንጆች "እንጀራ ጤፍ ነው" ሲባሉ አምነው ይመጣሉ። ብዙ ቦታ እንጀራው ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው፣ ንጹሑን ጤፍ የፈለገ ቀድሞ ማዘዝ አለበት። ምንም ነውር የለውም። ግን የሚታመም ሰው አለ፣ ሜኑው ላይ ይጻፍ። እና እባካችሁ፣ ክትፎ ካለቀ ስንቀመጥ ንገሩን፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ "ወንድሜ፣ ክትፎ የለም፣ ጥብስ ላምጣልህ?" አይባልም። (ጥብሱን ግን አመጣችልኝ፣ ከነአዋዜው፤ ይቅር ብያታለሁ።)

ጫጫታውን፣ የሦስት ሰዓት ወረፋውን፣ ስልክ ካላወጣህ የማይነበበውን ሜኑ፣ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ የሚያስነሳንን ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ እጽፍበታለሁ። ዛሬ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የግድ የምከፍለውን ሁሉ ዋጋው ውስጥ አስገቡት። አናስገባም ካላችሁ ደግሞ ኤ የተለጠፈበት መስኮት ላይ፣ ከኤው ጎን፣ የምትጨምሩትን ጻፉት። ቁጥሩ ቢያስፈራኝ ወደ ታኮ መኪናው እሄዳለሁ፣ አንጣላም።

እናቴ በኅዳር ተመልሳ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ያቺን ቢል እንዳስቀመጠቻት ነገረችኝ። "ዘንድሮስ ወዴት ነው የምትወስደኝ?" አለችኝ። ሜኑውን የማነብላት እኔ ነኝ፣ እሷም በጣቷ ትደምራለች።

አክባሪያችሁ፣
አንድ በላተኛ፣ ከሎስ አንጀለስ